«ላም ያመልካሉ» እውነት ወይስ ተረት? የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች

ታናሽ ወንድሜን ለልብ ቀዶ ሕክምና ቼናይ ወስጄ ስመለስ፣ መልካሳ ቤታችን ጎረቤት ሞልቶ ጠበቀን። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል። ሁሉም ወንድሜን አገላብጠው እየሳሙ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ሲሉት ቆዩና ሁለተኛው ቡና ላይ ወሬው ወደ እኔ ዞረ። አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ላም ከሚሰገድበት ቤት ገባሽ አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ገብቻለሁ። ሐኪሞቹ ለክትትል እንድንቆይ ባዘዙን ሳምንታት፣ አጎታችን ከወንድሜ አጠገብ ሲሆንልኝ፣ ማማላፑራምን፣ ታንጃቩርንና ማዱራይን አይቻለሁ። ከመሄዴ በፊት የማስበው እንደ እሳቸው ነበርና ጥያቄው አላስቀየመኝም። ያን ቀን ቡና ላይ የመለስኩትን አሁን ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ። ከአዳማም፣ ከመልካሳም፣ ከባቱም ለሕክምና ወይም ለትምህርት ወደ ደቡብ ሕንድ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ ወሬውም አብሮት ይሄዳል።

ከላሟ እንጀምር። የሚባለው «ሕንዶች የላም ሐውልት አቁመው ይሰግዱላታል» ነው። ሐውልቱ አለ። ነገር ግን በሬ ነው፤ ስሙም ናንዲ ይባላል። ሺቫ የተባለው አምላክ በሚመለክባቸው ቤተ መቅደሶች ከደጁ ፊት ለፊት፣ እግሩን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዙሮ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ናንዲ ሺቫ የሚቀመጥበት እንስሳ፣ የደጁም ጠባቂ ነው። ምእመኑ የሚሰግደው ናንዲ ፊቱን ወዳዞረበት ነው። ወደ በሬው ጆሮ ጠጋ ብለው ልመናቸውን የሚያንሾካሹኩም አይቻለሁ፤ መልእክቱን ለጌታው ያደርስልናል ብለው ነው። ታንጃቩር ያለው ናንዲ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ እጥፍ ይበልጣል። ፊቱ ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት ሻኛውን ነበር። አርሲ ገበያ ላይ የሚቆም በሬ እንጂ የባዕድ አገር ከብት አልመሰለኝም። የእነሱም የእኛም ከብት ባለ ሻኛ ዘር ነውና።

ላም አትከበርም ማለቴ አይደለም፤ እጅግ ትከበራለች። ወተቷ ሕፃን ያሳድጋል፣ ልጇ ያርሳል፣ ኩበቷ ያነዳል፤ ስለዚህ እንደ እናት ትቆጠራለች፤ በብዙዎቹ የሕንድ ግዛቶች ማረዷም በሕግ የተከለከለ ነው። መከበርና መመለክ ግን በእኛም ቋንቋ ሁለት ቃል ናቸው። ቼናይ ያለችበትን ታሚል ናዱን በሚያዋስነው በኬረላ ግዛት ደግሞ የበሬ ሥጋ በየምግብ ቤቱ ይሸጣል፤ ከሚበሉት መካከል ሂንዱዎችም አሉ።

ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? አንዱ ምክንያት ፎቶግራፉ ይመስለኛል። ጎብኚው ከደጅ ቆሞ ሲያነሳ መሐል ላይ የሚወጣው ናንዲ ነው። ከኋላው ያለው የሚመለክበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ጨለማ ነው፣ ካሜራም አይገባበትም። ፎቶውን እዚህ የሚያይ ሰው የሰገደውን ሰውና በሬውን ብቻ ያያል፤ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ይህን ስናገር፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ የሚላቸው አንዲት አሮጊት ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኛንስ ዛፍና ውሃ ያመልካሉ ይሉን የለ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እውነታቸውን ነው። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ዳር፣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል። ሣሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ይረጫል፣ ክረምቱን በሰላም ያሻገረውን ዋቃን ያመሰግናል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የፈጣሪን ስም ይሰማል። ከሩቅ የቆመ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ግን የሚያየው ውሃ፣ ሣርና ዛፍ ነው፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም «ውሃ ሲያመልኩ አየሁ» ብሎ ያወራል። አዴ ይህን ንግግር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተውታል፤ ስለዚህ ስለ ናንዲ ሳወራ ከሁላችን ቀድመው የገባቸው እሳቸው ነበሩ። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያገኘሁትን እሳቸው ከመልካሳ ሳይወጡ ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው ወሬ «ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ ነው» የሚለው ነው። ይህ እኛ ዘንድ የተለየ ታሪክ አለው። እናቴ አዳማ ስትማር ሒሳብ ያስተማሯት ሕንዳዊ ነበሩ። ምሳቸውን ከመብላታቸው በፊት አማትበው ይጸልዩ ነበር። ተማሪው ግን ከኋላቸው «ላም አምላኪው» ይላቸው ነበር። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ዛሬም ታፍራለች።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንድን የጎበኙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ አገራችን ከመጡት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ቶማስ፣ ማቲው፣ ጆርጅ የሚሉት ስሞቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ። የኬረላ ክርስቲያኖች እምነታችንን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው፣ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ52 ነው ብለው ያምናሉ። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር እኅትማማች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። ፖል ቨርጊስ የተባለ ወጣት ኬረላዊም በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በመምህርነት መጥቶ አማርኛ ተማረ፤ በኋላም ተመልሶ ለንጉሠ ነገሥቱ ሠራ፤ በመጨረሻም ጳውሎስ ጎርጎርዮስ ተብሎ የዴልሂ ጳጳስ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። ስለ ሂንዱ ቤተ መቅደስ ሊነግሩን የሚችሉ የመሰሉን ሕንዳውያን እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ስለ ቤተ መቅደሱ አላወሩም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ ባዶውን ቦታ ወሬ ሞላው። የቀረውን ደግሞ ፊልሙ ጨመረበት። የምናያቸው የሕንድ ፊልሞች በአብዛኛው ሙምባይ የሚሠሩ፣ በሂንዲ የሚነገሩ ናቸው። ቼናይ ውስጥ ግን የመንገዱ ቋንቋ ታሚል ነው፤ ፊደሉ ሌላ፣ የሕንፃው አሠራርም ሌላ ነው። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ከመቶው 80 ያህሉ ሂንዱ፣ 14 ያህሉ ሙስሊም፣ 2 ከምናምኑ ክርስቲያን ነው። ትንሽ የሚመስለው የክርስቲያኑ ቁጥር እንኳ ወደ 28 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ሙስሊሙ ከ170 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህም ከአገራችን ሕዝብ በሙሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው ወሬ ለመንገደኛ ዋናው ነው፤ «በሩ ለሌላ እምነት ሰው ዝግ ነው፤ ብትሞክሪ ያባርሩሻል» ይላል። ግማሹ ልክ ነው፤ ወሬውን ያቆየውም ይኸው ልክ የሆነው ግማሽ ነው። ኬረላ ውስጥ እንደ ጉሩቫዩርና ቲሩቫናንታፑራም ከተማ እንዳለው እንደ ፓድማናባስዋሚ ያሉት ቤተ መቅደሶች ሂንዱ ያልሆነን ሰው ከነጭራሹ አያስገቡም። አንድ ተማሪ ወይም ታማሚ እዚያ በር ላይ ሲመለስ፣ የተመለሰበትን አንድ በር አገር ቤት መጥቶ የሕንድ በር ሁሉ ያደርገዋል። ታሚል ናዱ ውስጥ ግን ነገሩ እንደየቦታው ይለያያል። የማማላፑራም የድንጋይ ሕንፃዎች በመንግሥት የቅርስ ባለሥልጣን ሥር ያሉ ናቸው፤ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባል። በሰሜን በኩል በካርናታካ ግዛት ያለው ሀምፒም፣ እ.ኤ.አ. በ1565 በጦርነት የወደመው የቪጃያናጋራ መንግሥት ዋና ከተማ፣ ፍርስራሹ ለማንም ክፍት ነው። ታንጃቩርም ያለ ማንም ከልካይ ገብቼ ስዞር ውያለሁ።

ማዱራይ የሚገኘው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ በመሐል ነው። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ማንም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሂንዱ ያልሆነ አያልፍም የሚል ሰሌዳ አለ። እኔም ሰሌዳው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ዘበኛው አልተቆጣኝም፤ በእጁ ወደ ሌላው መተላለፊያ አሳየኝ። በዚያ ሄጄ «ባለ ሺህ አምዱ» የሚባለውን አዳራሽ አየሁ፤ አምዶቹ ሲቆጠሩ 985 ናቸው። ኩሬውን አየሁ። በደጆቹ ላይ የቆሙትን፣ ከላይ እስከ ታች በቀለም በተነከሩ ምስሎች የተሸፈኑትን 14 ግንቦች አየሁ፤ ከሁሉም የሚረዝመው ደቡባዊው 52 ሜትር ገደማ ነው። ያላየሁት ውስጠኛውን ክፍል ብቻ ነው።

ስለዚያች ክፍል ነገሩ የገባኝ ወደ እኛው ሳስበው ነው። ጋርባግሪሃ ይሏታል፤ የማሕፀን ቤት ማለት ነው። ጠባብ ናት፣ ጨለማ ናት፣ የሚገቡባት ካህናቱ ብቻ ናቸው፤ ሂንዱው ምእመን ራሱ ደጇ ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ከፊቷ ምእመኑ የሚቆምበት አዳራሽ አለ፣ ከዚያ ውጭ ሰፊው ቅጥር። ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ለምን እንቆቅልሽ ይሆናል? እኛስ ማንን ነው መቅደስ የምናስገባው? እኔ ሴት በመሆኔ ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል አልገባም፤ ደብረ ዳሞም አልወጣም። ሙስሊም ጎረቤቶቼም መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ማንም እንደ ክፋት አያየውም። ሰሌዳው ፊት ስቆም የተሰማኝ መባረር አልነበረም፤ አገሬ የማውቀው ደንብ ነበር።

የበሩን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎቻችን ያልሰማነው የባሰ ታሪክ አለ። እነዚያ በሮች ለረጅም ዘመን የተዘጉት ለባዕድ ብቻ አልነበረም፤ «ዝቅተኛ» ለተባሉት ለራሳቸው ሂንዱዎችም ነበር። ኬረላ ውስጥ ቫይኮም በምትባል ከተማ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባሉት መንገዶች መሄድ እንኳ ተከልክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 በዚያ መንገድ ለመሄድ የተነሱ ሰዎች እየተያዙ ታሰሩ፤ በተከታዩ ዓመት ጋንዲ ራሱ መጣ። ያኔ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የትራቫንኮር ንጉሥ ቤተ መቅደሶቹ ለማንኛውም ሂንዱ እንዲከፈቱ ያወጀው ኅዳር 1936 እ.ኤ.አ. ነው። ማዱራይ ላይ እነዚያ ሲገፉ የኖሩ ሰዎች በሚናክሺ ደጅ መጀመሪያ የገቡት ደግሞ በ1939 ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወረፋው ላይ ከፊቴ የቆመችውን፣ ፀጉሯ ላይ ጃዝሚን አበባ የሰካችውን አሮጊት በሌላ ዓይን ነው ያየኋት። አያቷ ይህን ደጅ ረግጣው ታውቅ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። በር የመከልከልን ሕመም ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ስለ ልብስ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጫማ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ በትልልቆቹ ቦታዎች ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ነጠላዬን ይዤ ነበርና ለብሼው ገባሁ። አንዲት ሴት ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች በምልክት የት እንደተሠራ ጠየቀችኝ፤ «ኢትዮጵያ» ስላት ሳቀች፣ የሳሪዋን ጠርዝም አሳየችኝ። በቋንቋ አልተግባባንም፤ ስለ ጥለት ግን ተግባብተናል።

አራተኛው ወሬ ከድንጋዩ ጋር የተያያዘ ነው። «ይህን የሰው እጅ አልሠራውም» ይባላል። ስለ ላሊበላም እንዲሁ ስንባባል ኖረናል፤ አሁን ደግሞ በስልክ በሚዞሩ ቪዲዮዎች ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ተጨምረውበታል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ሠሯቸው የሚልም ተጽፏል፤ ምንም ማስረጃ የለውም። ገድሉ የሚለውን አልነካም፤ መላእክት ሌሊት አገዙ ይላል እንጂ ሰው ቀን አልሠራም አይልም። የመሮው ምልክት ግድግዳው ላይ አለ።

ማማላፑራም የገባኝ ይህ ነው። ከቼናይ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ላይ ናት። በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዘመን የፓላቫ ነገሥታት ያሠሯት ከተማ ናት፤ ስሟን የወሰደችው ማማላ፣ ማለትም ታላቁ ታጋይ፣ ከተባለው ከንጉሥ ናራሲምሃቫርማን ነው። እዚያ አምስት ሕንፃዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከመሬት ከተነሳ ግራናይት ድንጋይ ባለበት ቆሞ የተፈለፈለ ነው። ውበታቸው ያስደንቃል፤ እኔን ያስቆመኝ ግን አለማለቃቸው ነው። ጣሪያቸው ተጠርቦ፣ ተለስልሶ፣ ጌጥ ወጥቶለታል፤ ወደ ታች ሲወረድ ሥራው እየሻከረ ይሄዳል፣ ከሥር ያለው ድንጋይ እንዳለ ቀርቷል። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ እንደነበር ዓይን ያለው ሁሉ ያነበዋል። በአቅራቢያው በከፊል በተፈለፈሉ ዋሻዎች ላይ ደግሞ ጠራቢዎቹ ገጹን በአራት ማዕዘን ሸንሽነው፣ ዙሪያውን ቦርቡረው፣ መሐሉን እየገመሱ እንዳወጡት ይታያል። ላሊበላም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች ነው የወረደው፤ ከማማላፑራም አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በሌላ ሕዝብ እጅ። የላስታ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ለመሮ የሚታዘዝ ነው፤ የእነዚያ ግራናይት ግን መሮውን ይመልሰዋል። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሁለቱም በትዕግሥት እንደተሠሩ ግን ድንጋዩ ይመሰክራል።

እነዚያ አምስቱ ሕንፃዎች ዛሬ የሚጠሩት ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ ተረካቸው ውስጥ ባሉት አምስት ወንድማማቾችና በሚስታቸው ስም ነው። አስጎብኚው ሰዎቹ እዚህ የኖሩ ያህል ይተርካል። ስሞቹ ግን ሕዝቡ በኋላ ያወጣቸው ናቸው፤ ከሠሪዎቹ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ሕንፃዎቹም ሳያልቁ ስለቀሩ አምልኮ አልተፈጸመባቸውም። ተረት የሚያበጀው ከሩቅ ያለ ሰው ብቻ አይደለም፤ ደጁ ላይ ያለውም ያበጃል።

ለዚህ የሚበልጠውን ምሳሌ ያገኘሁት ታንጃቩር ነው። ይህን ቤተ መቅደስ ያሠራው የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ሲሆን ያለቀው በ1010 እ.ኤ.አ. ነው። ግንቡ ወደ 60 ሜትር ይቆማል፤ ሙሉው ግራናይት ነው፤ አካባቢው ግን የሩዝ ማሳ እንጂ ድንጋይ የለውም፤ ከሩቅ ነው የተጎተተው። ሕንዳውያኑ ራሳቸው «የግንቡ ጥላ መሬት ላይ አያርፍም» ይላሉ። ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ መምህር ነገሩኝ፣ አስጎብኚው ደገመው፣ ፖስት ካርድ የሚሸጠው ልጅ ሠለሰው። ቤተ መቅደሱ ቀትር ላይ ተዘግቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲከፈት ገባሁና ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ነበር፤ ልጆች በውስጡ ይሯሯጣሉ፣ እናቶች ከፀሐይ ሸሽተው ተኝተውበታል።

ውሸታሞች ናቸው ልላችሁ አይደለም። ታንጃቩር እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። እዚያም እንደ አዳማ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ ቀትር ላይ ከአናት ትቆማለች። ግንቡ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ በእነዚያ ሰሞን ቀትር ላይ ጥላው በራሱ አካል ላይ ያርፋል። ይህን ያየ ሰው ቢደነቅ አይፈረድበትም። በታኅሣሥ ግን ቀትር ላይም ጥላው መሬት ይነካል። ወሬው የሚኖረው ግንቡን ስለሚወዱት ነው፤ ንጉሡ ፀሐይን ሳይቀር ያሸነፈ ጠቢብ ነበር ማለት ደስ ይላቸዋል። እኔን ግን ከጥላው ይልቅ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው ያስደነቀኝ። ንጉሡ የሰጠው ወርቅ፣ አንድ መብራት ሳይጠፋ እንዲነድ ለቅቤው የተመደቡት 96 በጎች፣ በቤተ መቅደሱ እንዲያገለግሉ የመጡት 400 ተወዛዋዥ ሴቶች በየስማቸውና ከነተሰጣቸው ቤት ተጽፈዋል። የዋናው ጠራቢ ስም ሳይቀር አለ፤ ኩንጀራማላን ራጃራጃ ፔሩንታቻን። ላሊበላን የጠረቡት ሰዎች ስም እንዲህ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የመስቀል ጦረኞቹን ወሬ ማን ይሰማው ነበር?

«ቤተ መቅደሶቹ በእርቃን ምስሎች የተሞሉ ናቸው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ያ ከሰሜን በኩል ካጁራሆ ከሚባለው ስፍራ የመጣ ስዕል ነው፤ እዚያም ቢሆን ከምስሎቹ ጥቂቱ ብቻ ነው እንዲህ ያለው። ከታንጃቩር ወደ ካጁራሆ ለመሄድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው ወሬ መሆኑን እንኳ የማያስተውለው፣ «ታሪካዊ» ስለሚለው ቃል ነው። ታሪካዊ ሲባል ያረጀ፣ ሰው የተወው፣ ቱሪስት ብቻ የሚዞርበት ይመስለናል። ማማላፑራም ላይ ያሉት ሕንፃዎች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው። ታንጃቩር ግን ሺህ ዓመት አልፎትም መብራቱ ይበራል። ስሪራንጋም የሚባለው፣ በሰባት ቅጥር የተከበበው ግዙፍ ቤተ መቅደስ፣ ረጅሙ የደጁ ግንብ ተሠርቶ ያለቀው ገና በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት እያገለገለም ገና እየተሠራ ነበር። የቀለሙ ድምቀትም ብዙ ጎብኚ ያደናግራል፤ «አዲስ ነው፣ አስመሳይ ነው» ይላሉ። ቀለሙ በ12 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ እንደገና ይቀባል፤ ሲቀባ ኖሯል፣ ይቀባልም።

ለበዓላቸው ቀን ደግሞ ከድንጋዩ ምስል ሌላ የነሐስ ምስል አላቸው፤ እሱ አጊጦ በሰው ትከሻ ወይም በሠረገላ ከቅጥሩ ይወጣል፣ ከተማውን ይዞራል፣ ውሃ ዳር ይወርዳል፤ የማይንቀሳቀሰው ውስጥ ይቀራል። እምነቱ አንድ ነው አልልም፤ አይደለም። ነገር ግን በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ነጠላውን ለብሶ ሮጦ መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ እዚያ መንገድ ዳር የቆመውን ሕዝብ ፊት ሲያይ ግር አይለውም። ካህኑ ግንባራቸው ላይ የሚቀባላቸውን አመድ ሳይ፣ እናቴ ከገዳም ይዛ መጥታ ለወንድሜ የቀባችውን እምነት አስታወስኩ። ለእኔም ሊቀባኝ እጁን ሲዘረጋ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ ገጥሜ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። ካህኑም ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ምንም ሌላ አልተፈጠረም።

ቡናው ካለቀ በኋላ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ እናት ደጁ ላይ ቀሩ። ባለቤታቸው ለኩላሊት ሕክምና በሚቀጥለው ወር ቼናይ ቀጠሮ አላቸው።

«እዚያ ድንጋዩ ጋ፣ ባሕሩ ዳር ያልሽው፣ ከሆስፒታሉ ይርቃል?»

«ሁለት ሰዓት ቢፈጅብዎ ነው። ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፤ ሲረፍድ ድንጋዩ ያቃጥላል። ወደሚጸለይበት ቤተ መቅደስ ከሆነ የሚሄዱት ደግሞ ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሞክሩ።»

«ጫማዬንስ ማን ይጠብቅልኛል?»

«በር ላይ ቁጥር ሰጥተው ይቀበላሉ። ካልሲ ይያዙ። ነጠላዎን አይርሱ።»

ትንሽ አሰቡና የቦታውን ስም ጻፊልኝ አሉኝ። ከወንድሜ መድኃኒት ደረሰኝ ጀርባ ላይ «ማማላፑራም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ወንድሜ ከአልጋው ተነስቶ መጣና ሾፌሩ እንዲያነበው ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ጨመረበት። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።